የግራው ከስክስ ወደ ጅቡቲ

ሸዋ ሮቢት፣ ጥቅምት 24 ቀን 1979 ዓ.ም.

ውድ ወንድሜ ሷሊሕ፣

አሰላሙ ዓለይኩም። የአማርኛ መምህራችን ደብዳቤ ሲጀመር የተቀባዩን ጤና መጠየቅ ግዴታ ነው ብለው ስላስተማሩን፣ ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? ከሞትክ ዓመት ከአራት ቀን ስለሆነህ መቼም ወባው ለቆሃል ብዬ አምናለሁ። እኛ ደህና ነን። እማ ደህና ናት። ፍየሏ መንታ ወልዳለች፤ አንደኛው ግልገል ያንተን ዓይነት ነው፣ ሲጠሩት አይሰማም።

የምጽፍልህ አፉ እንድትለኝ ነው። ሰሞኑን የሰፈሩን ሰው ሁሉ ቤት ለቤት እየዞርኩ ይቅርታ ለምኜ ጨርሻለሁ፤ የቀረኸኝ አንተ ብቻ ነህ። ከሁሉም በላይ የበደልኩት ደግሞ አንተን ነው። ነገሩን ከመጀመሪያው ልንገርህ።

ያ ፈረንጅ ትዝ ይልሃል? ከደሴ አውቶቡስ ወርዶ በጀርባው ቤት የሚያክል ቦርሳ አዝሎ፣ ማንጎውን ከነልጣጩ ሲበላ ከበን የቆምነው? አንተ የአውቶቡሱን ረዳት «ይሄ ሰውዬ ሥራው ምንድነው?» ብለህ ጠየቅከው።

«መሄድ ነው» አለህ።

«ሄዶስ?»

«ሄዶ ይመለሳላ። ከዚያ ደግሞ ይሄዳል።»

ሦስት ቀን ሙሉ ስትብሰለሰል ከርመህ በአራተኛው ቀን «ነጅሙ፣ እንዲህ ያለ ሥራ መኖሩን ለምንድነው ያልነገሩን?» አልከኝ። ከዚያ በኋላ ሌላ ወሬ አልነበረንም። ሁለታችን በአፋር በረሃ አቋርጠን ጅቡቲ እንገባለን፣ ባሕሩን እናያለን፣ ከዚያ ወዲያ ያለውን ባሕሩ ዳር ቁጭ ብለን እንወስናለን። ዕቅዳችን ይኸው ነበር። አንተ አባባ ከሞተ ጀምሮ ያሳደግከውን ሙክት ከጦሩ ለተመለሰ ሰው ሰጥተህ ከስክስ ጫማ ለወጥክ። በኮንጎ ጫማ የበረሃ እሾህ አይረገጥም አልክ። እኔ ደግሞ ያንተን ከስክስ በሽንኩርት ልጣጭና በላምባ እየወለወልኩ የራሴን ተራ እጠብቅ ነበር።

ከዚያ ያን እሑድ፣ ጓሮ ሆነህ ለጓደኛህ ስትነግረው ሰማሁህ። «ነጅሙን አልወስደውም። እሱ ይማር። ነገ ማለዳ ሹልክ ነው።»

ሹልክ! ያንን ሁሉ ከወለወልኩ በኋላ!

የግራውን እኔ ነኝ የደበቅኩት፣ ሷሊሕ። ዒሻ ልሰግድ ስወጣ በጋቢዬ ውስጥ ሸጉጬ መስጊድ ወሰድኩትና በር ላይ ካለው የጫማ መደርደሪያ አስቀመጥኩት። ጫማ ለመደበቅ ከጫማ መሃል የተሻለ ቦታ የለም፤ አንድ እግር ጫማ ደግሞ ማንም አይሰርቅም። በሐሳቤ እጅግ ኮርቼ ነበር።

ሰኞ ማለዳ እላዬ ላይ ቆመህ «ጫማዬን አምጣ!» አልከኝ።

«የትኛውን?»

«የትኛውን ብሎ ነገር ምንድነው? ሁለቱም የሉም!»

እኔ ከአንተ ይበልጥ ደነገጥኩ። ከመኝታዬ ዘልዬ ተነሳሁና «ወላሂ ቀኙን አላየሁትም!» አልኩህ። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ እውነተኛ መሐላ ምዬ አላውቅም። አንተም ከንዴትህ ብዛት ለምን በቀኙ ብቻ እንደማልኩ አላስተዋልክም። እማ ሰፌዱ ላይ ማሽላ እየለቀመች፣ ቀና እንኳ ሳትል «ውሻ ይሆናል» አለች።

ያን ቀን አልሄድክም። ማክሰኞም ውሻ ስትፈልግ ዋልክ። ረቡዕ አኮረፍከኝ። ሐሙስ ማንቀጥቀጥ ጀመረህ። ዓርብ ሼኽ አብዱሰላም ከጁምዓ በኋላ «አንድ እግር ከስክስ መደርደሪያው ላይ ተገኝቷል፤ ባለቤቱ ይውሰድ» ሲሉ አንገቴን ደፋሁ። ትንሽ ሲሻልህ ራሴ አምጥቼ እግርህ ሥር አስቀምጠውና ብትመታኝም ትመታኛለህ ብዬ ነበር። በማግስቱ ዓይንህን ገለጥ አድርገህ «ጫማዬ ተገኘ?» አልከኝ። «ይገኛል» አልኩህ። በሚቀጥለው ረቡዕ ሞትክ።

ከስክሱ ዓመት ሙሉ እዚያው መደርደሪያ ላይ ቆመ። ሼኽ አብዱሰላም በየወሩ ያስነግራሉ። በረመዷን ጊዜማ «አንድ እግር ያለው ወንድማችን ካለ፣ ጫማህን ወስደህ ለእኛም መላ በለን» ብለው ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ ብቻ አልሳቅሁም። በገባሁ በወጣሁ ቁጥር ያንተን እግር አያለሁ።

ዘንድሮ ታዲያ ዓመትህ ሲቃረብ ወሰንኩ። ጫማህን ጅቡቲ አደርሳለሁ። ያስቀረሁብህን መንገድ ቢያንስ በግራ እግርህ ትሄዳለህ፤ ባሕሩ ዳር አስቀምጥልህና እኔ ከዚያ ወዲያ ያለውን ቁጭ ብዬ እወስናለሁ።

ዝግጅቴን ብታየው ትስቅ ነበር። ካርታ ከትምህርት ቤት አትላስ ላይ ቀደድኩ። ጅቡቲ ከእኛ ሁለት ጣት ከግማሽ ናት። ሸዋ ሮቢት ካርታው ላይ ስለሌለች በእስክሪብቶ ነጥብ አድርጌ አስገባኋት፤ እግረ መንገዴን ከደብረ ሲና ትንሽ ተለቅ አደረግኳት። አንድ ጣት በሦስት ቀን ብሄድ በስምንተኛው ቀን ባሕር ውስጥ ነኝ። የአዋሽ ወንዝ ካርታው ላይ የክር ያህል ስለሆነ ስለ እሱ ብዙም አልተጨነቅኩም።

ለቋንቋው ደግሞ ጀውሃ ወርጄ፣ ምግብ ቤት ካገኘሁት የአሰብ መስመር ሾፌር ሦስት የፈረንሳይኛ ቃል ተማርኩ። አንዱ ሰላምታ ነው፣ አንዱ ምስጋና ነው። ሦስተኛውን «ፖሊስ ሲይዝህ በለው» ብሎኛል። ሲያስተምረኝ ግን ረዳቱ በሳቅ ከወንበሩ ሊወድቅ ስለነበር፣ ካልተቸገርኩ ላልጠቀምበት ወስኛለሁ።

ቦርሳውን ጋሼ ካሳሁን ልብስ ሰፊው ናቸው የሰፉልኝ፤ ከእርዳታ ስንዴ ጆንያ።

«በጀርባ የሚታዘል ነው የምትለው?» አሉኝ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው። «ለምንህ ነው?»

«ለደብተር።»

«ይሄ ሁሉ? የስንት ሰው ደብተር ነው የምትሸከመው አንተ?»

«አሥረኛ ክፍል ስለገባሁ ነው፣ ጋሼ።»

«አቤት! አሥራ ሁለተኛ ስትገባ እንግዲህ ድንኳን ነው የምሰፋልህ።»

እዚህ ድረስ ሁሉም በምስጢር ነበር። የተበላሸው በአንድ ነገር ነው። የሰው ሐቅ አዝዬ በረሃ አልገባም አልኩ። ብሞትስ? አንተ ከእኔ ጋር እንዳኮረፍክ አይደል የሄድከው? ስለዚህ ረቡዕ ዕለት፣ እኔና አንተ የበደልናቸውን ሰዎች ሁሉ እየዞርኩ አፉ በሉኝ ማለት ጀመርኩ። ምስጢሬን ለመጠበቅ ስል ለእያንዳንዱ «ለማንም እንዳይናገሩ» እላለሁ። የዞርኩት አሥራ አንድ ቤት ነው።

መጀመሪያ እትዬ ወርቅነሽ ዘንድ ሄድኩ።

«እትዬ፣ ሎሚዎትን እኔና ሷሊሕ ነበርን የምንለቅመው። ይቅር ይበሉን።»

«እናንተ?» አሉ እጃቸውን አገጫቸው ላይ አድርገው። «የቀበሌው ዘበኛ አይደለም? ኧረ እኔ ሁለት ዓመት ሙሉ ሰላምታ ነስቼዋለሁ! ልጁ ክርስትና ሲነሳ ጠርቶኝ አልሄድኩለትም!» ነጠላቸውን እንኳ ሳያጣፉ ዘበኛውን ይቅርታ ሊጠይቁ ወጡ። ከዘበኛው ደግሞ ወሬው ወደ ቀበሌው ገባ።

ሼኽ አብዱሰላም ዘንድ የሄድኩት ከዐሱር በኋላ ነው። የግራውን ከስክስ አንስቼ አቀፍኩና «መደርደሪያዎን ዓመት ሙሉ ስላስያዝኩ አፉ በሉኝ፤ የሷሊሕ ነው» አልኳቸው። ጫማውን አዩ፣ እኔን አዩ።

«ሩቅ ልትሄድ ነው?» አሉኝ።

መስጊድ በር ላይ ቆሜ እንዴት ልዋሽ? «አዎ።»

«ባሕር አለው?»

«አዎ።»

«ለሷሊሕ ብለህ ነው?»

«አዎ፣ ለሷሊሕ ነው።»

እንባቸው ዱብ አለ። ሩቅ የሚሄድ፣ ባሕር የሚሻገር፣ ከመሄዱ በፊት ቤት ለቤት አፉ በሉኝ የሚል ሰው እኛ አገር ምን ይባላል? ሐጅ ሂያጅ ነዋ! የእኔ ሐሳብ ያ ፈረንጅ ላይ ስለነበር ይህ በፍጹም አልታሰበኝም።

«ዘንድሮ ሐጁ ካለፈ ሁለት ወር ሆኖታል» አሉ ሼኹ ጢማቸውን እየጠረጉ፤ «ነገር ግን በእግር ስለሆነ ለከርሞው ትደርሳለህ። ድሮም ከአሊዩ አምባ ከግመል ነጋዴ ጋር የወጣ ሰው ዓመት ይፈጅበት ነበር። ደግሞ እወቅ፣ ለሌላ ሰው ሐጅ የሚያደርግ መጀመሪያ ለራሱ ማድረግ አለበት። እንግዲህ አንዱን ለራስህ፣ በዓመቱ ለወንድምህ። ሁለት ዓመት ትቆያለህ።»

የስምንት ቀን መንገዴ እንደዚያ ሆኖ ሁለት ዓመት ገባ።

ሐሙስ፣ ዓመትህ በሆነበት ቀን፣ ሼኹ «ነጅሙ ሐጅ ሊሄድ ነው» ብለው ስለነገሩ ቤታችን በሰው ተሞላ። ሁሉም ስንቅ ይዞ መጣ። ቆሎው፣ በሶው፣ የተቀቀለው ማሾ፣ ምን ልበልህ። እትዬ ሐምዲያ አንድ ገንቦ ጭኮ አምጥተው እጄን ያዙኝ። «ከዕባው ዘንድ ስሜን አንሳልኝ። ደግሞ ሐምዲያ ብቻ እንዳትል፤ ብዙ ሐምዲያ ስላለ የጀውሃዋ በልልኝ።»

እትዬ ወርቅነሽም ዳቦ ቆሎ በሻሽ ቋጥረው መጡ። «እኔ ክርስቲያን ብሆንም ያ የመካው ውሃ ለወገብ ጥሩ ነው ይላሉ። አንድ ጠርሙስ አትንፈገኝ። ሎሚውን ትቼልሃለሁ።»

እማ ጥግ ላይ ተቀምጣ ሁሉንም ትቀበላለች፣ ሁሉንም ትመርቃለች፤ እኔን ግን አንድም ነገር አልጠየቀችኝም። ይህ ከመጠየቅ ይብሳል። ልጇ ሊሄድ መሆኑን ከጎረቤት የሰማች እናት ናት። አንዱን ቀብራ ሁለተኛው ጆንያ ሲያሰፋ ያላወቀች። ፊት ለፊት እንዳላያት ወደ ቦርሳዬ ዞርኩ። ቦርሳው ሞልቶ ከእኔ ይከብዳል። እውነቱን ልንገርህ፣ ለማንሳት ስሞክር ወደ ኋላዬ ወድቄ እግሬ ወደ ሰማይ ሆኗል፤ እትዬ ሐምዲያም «ወደ ቂብላ፣ ወደ መካ ነው የወደቀው፣ ጥሩ ምልክት ነው» ብለዋል።

የቀበሌው ሊቀ መንበር ጓድ ይልማ የገቡት ይሄኔ ነው። ዘበኛው ከኋላቸው አለ።

«ወይዘሮ ራቢዓ» አሉ፣ «ልጅዎ ያለ ፓስፖርት መካ ሊሄድ ነው የሚል ወሬ ጽሕፈት ቤታችን ደርሷል። ያለ ቀበሌ መሸኛ ደብረ ሲና እንኳ አይኬድም፤ እንኳን መካ። ቦርሳው ይከፈት።»

ወህኒ ቤቱ ለእኛ ሰፈር ቅርብ መሆኑን ታውቃለህ። ዘበኛው ቆሎውን አወጣ፣ ጭኮውን አወጣ፣ የውሃ ጀሪካኑን አወጣ። ከዚያ የግራ እግርህን አወጣ።

ጓድ ይልማ ከስክሱን አገላበጡት። «ይህ የጦር ሠራዊት ጫማ ነው።»

«አዎ» አልኩ።

«አንድ እግር ነው።»

«አዎ።»

«ሌላኛው የት አለ?»

«ወላሂ ቀኙን አላየሁትም!»

ዓመት ሙሉ ያልተለወጠ መሐላ ነው።

እማ ተነሳች። ማንንም ሳታይ ወደ ጓዳ ሄዳ የማሽላውን ጎታ ከፈተችና ክንዷን እስከ ትከሻዋ ድረስ አስገባች። ስታወጣው ቀኙ ከስክስ በእጇ ነበር፤ ከአፉ ማሽላ እየፈሰሰ።

«ይኸውልዎት ቀኙ» አለች። «ዛሬ የልጄ የሷሊሕ ዓመቱ ነው። ይህ ልጅ ቤት ለቤት የዞረው ለወንድሙ አፉ በሉልኝ ሊል ነው። ምግቡ የሰደቃው ነው። ጫማውም ለሰደቃ የሚሰጥ ነው።»

«ለማን?»

«እግሩ ለሞላው።»

ሰው ሁሉ ወደ ሼኽ አብዱሰላም ዞረ። ሼኹ መዋሸት አይችሉም፣ እኔን ማሳሰርም አይፈልጉም፤ ጣሪያውን ጥቂት አይተው ሁለት እጃቸውን ዘረጉና ዱዓ ጀመሩ። በዱዓ መሃል ደግሞ ማንም ጥያቄ አይጠይቅም። ጓድ ይልማ ቆመው ጠበቁ። ዱዓው እንደዚያ የረዘመበት ቀን አላውቅም፤ ለዝናቡ፣ ለከብቱ፣ ለሽንኩርቱ ሳይቀር ተደረገ። «አሚን» ሲባል ሊቀ መንበሩም ሳያስቡት «አሚን» አሉ።

ከዚያ ካርታውን ከቦርሳው ኪስ አገኙት። ዘርግተው ለረጅም ጊዜ አዩት።

«ሸዋ ሮቢትን እዚህ ያስገባት ማነው?»

«እኔ ነኝ።»

«ጥሩ አድርገሃል። ቀርታ ነበር።» ካርታውን አጥፈው በደረት ኪሳቸው ከተቱትና በዓይናቸው ብቻ «አውቄብሃለሁ» አሉኝ። ከዚያ ተቀመጡ። ጭኮ ቀረበላቸው። ሦስተኛውን ጉርሻ እንደዋጡ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ሷሊሕን አንድ ጊዜ ስብሰባ ቀረ ብዬ ሁለት ቀን አስሬ አሳድሬዋለሁ። ለካ ያን ዕለት ወንዙ ሞልቶበት ኖሯል። እኔንም አፉ ይበለኝ፣ ወይዘሮ ራቢዓ።»

«አፉ ብሎዎታል» አለች እማ።

እናም ስንቄን በሉት፣ ሷሊሕ። የስምንት ቀኑንም የሁለት ዓመቱንም። ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል ከጉዞዬ የተረፈኝ ጀሪካኑና ሦስቱ የፈረንሳይኛ ቃላት ብቻ ነበሩ። ሰዎቹ ሄዱ። እማ ሁለቱን ከስክስ ጎን ለጎን አስቀምጣ ከፊቴ ተቀመጠች።

«ልወስዳቸው ስመጣ አንዱ ብቻ ነበር» አለችኝ። «ማን እንደቀደመኝ ገባኝ። አንተ ሆድህ ባብቶ እንዳትመልስለት ብዬ የቀረውን እኔ ወሰድኩት።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ቀኙን ደብቄ ስለ ግራው ምን ብዬ ላውራህ?» ከቀኙ ውስጥ ማሽላውን በጣቷ እየለቀመች ቆየች። «በአርባው ቀን ክሊኒክ ሄጄ ድሬሰሩን ጠየቅኩት። ቢምቢዋ ከነከሰች እስከሚያንቀጠቅጥ ድረስ አሥር ቀን ይሞላዋል፣ አሥራ አምስትም ይሆናል አለኝ። ቀኑን ሄድኩበት፣ ተመለስኩበት። እኛ ጫማውን ስንደብቅ ወባው አስቀድሞ ገብቶበታል።»

እኔ የግራውን ማሰሪያ ፈትቼ መልሼ አሰርኩት።

«ሄዶ ቢሆን ኖሮ በረሃ ላይ ነበር የሚወድቅብኝ። ማን ውሃ ያጠጣው ነበር? አሁን ግንባሩን ይዤለታለሁ። ቀብሩን አውቀዋለሁ።» አለቀሰች። ከሞትክ ወዲህ ስታለቅስ ያየኋት ያኔ ነው። እኔም አለቀስኩ። ያንተ ዓይነቱ ግልገል በዚህ መሃል ገብቶ የቦርሳዬን ማንገቻ በላው፤ ማናችንም አላስቆምነውም።

«አፉ በይኝ» አልኳት፣ ተደብቄ ልሄድ ስለነበረው።

«አንተም አፉ በለኝ» አለች።

ከዚያ ጫማዎቹን ወደ እኔ ገፋቻቸው። «አድርጋቸው እስኪ።» አደረግኳቸው። ከተረከዜ ኋላ ሁለት ጣት ከግማሽ ቀረ። ልክ እንደ ካርታው። እማ ጣቷን አስገብታ ለካችና «ገና ነህ» አለች። «አሥራ ሁለተኛን ጨርስ። ሲሞላህ ግን በር ላይ አልቆምብህም፤ ማሰሪያውን ራሴ አስርልሃለሁ። ብቻ ሹልክ የሚባል ነገር የለም። በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው እያየህ ትሄዳለህ።»

ስለዚህ ወንድሜ፣ ጅቡቲ ትንሽ ትጠብቀን። ቃል እገባልሃለሁ፣ ስሄድ አንድ እግርህን ብቻ አልወስድም፤ በሁለቱም ትሄዳለህ። እስከዚያው ከስክሶቹ አልጋዬ ሥር ናቸው፣ በየሳምንቱ እወለውላቸዋለሁ። ዛሬ ጠዋት ስለካ ሁለት ጣት ከሩብ ሆኗል። እርግጥ ካልሲ አድርጌ ነበር።

ከአንተ መልስ እንደማይመጣ አውቃለሁ። ብቻ አፉ ካልከን፣ እኔ እግሬ ቶሎ ሲያድግ አውቀዋለሁ።

የግራው ሌባ፣ ወንድምህ ነጅሙዲን

የቀኙም ሌባ አጠገቤ ተቀምጣ ማሽላ እየለቀመች ነው። ሰላም በልልኝ ብላሃለች። «ውሻው አልነበረም በለው» ብላሃለች።